ከወልዴ ኋላ የሄድንበት ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ጽጌ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ «አባዬ፣ እየው፣ እዚሁ እኛ ጋ እኮ ነው» አለችኝ። መነጽሬን ፈልጌ እስካደርግ ቪዲዮው አልፎ ነበርና እንደገና ከፈተችልኝ። አንድ ጎልማሳ ሰው ነው። ሸሚዙ ከትከሻው ተቀዷል። ሁለት ጎረምሶች ክንዱን ጠምዝዘው ይዘውታል፤ ሌላው ደግሞ የጫማ ካርቶን ጭንቅላቱ ላይ አስቀምጦ እንዳይወድቅ በእጁ ደግፎለታል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጸዋል፣ ይስቃል። ከሥሩ ሰው የጻፈውን ጽጌ አነበበችልኝ። አንዱ «ይበለው» ይላል፤ ሌላው «ፊቱ ራሱ ሌባ ይመስላል» ይላል። «ማን ፈረደበት?» አልኳት። «ኧረ አባዬ፣ ተይዞ እኮ ነው!» «ማን ያዘው?» «ሰዉ ነዋ።» «ሰዉ ምን ሲያደርግ አየው?» ስልኳን ኪሷ ከተተችና «አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ፍርድ ቤት ታደርገዋለህ» ብላኝ ደንበኛ ልታስተናግድ ሄደች። እኔ ግን ምሳም አልጣመኝ። እንዲህ ጭንቅላቱ ላይ ዕቃ ተጭኖበት፣ ሰው ከኋላው እየጮኸ ሲነዳ ያየሁት አንድ ሰው ነበር። ስሙ ወልዴ ነው። የሸማ ተራ ተሸካሚ ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስሜን ለመጻፍና የሱቄን ሂሳብ ለመያዝ ያህል ነው። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱን አልነግራችሁም፤ መንግሥቱም የትኛው እንደነበር አትጠይቁኝ። መንግሥት ሲሄድና ሲመጣ እኛ ሸማ ስንዘረጋና ስናጥፍ ነበር። ዘመኑን የማውቀው በዋጋ ነው። ደህና ጋቢ ሃያ ብር የሚባልበት፣ ገዢው አሥራ አምስት ብሎ ጀምሮ፣ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ሻይ ጠጥቶ በአሥራ ስምንት የሚወስድበት ጊዜ ነው። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም። ስሙኒ ይዞ የወጣ ሰው ጠግቦ፣ ጫማውን አስጠርጎ ይገባ ነበር። ዛሬ ሃያ ብር ሻይ አጠጥታ አትሸኝም። ጎረምሶቹ ጎፈሬያቸው ላይ ሚዶ ሰክተው፣ ሱሪያቸው ከታች ሰፍቶ የመርካቶን አቧራ እየጠረገ ይንጎራደዱ ነበር፤ በክረምት ያው ሱሪ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ይጠጣል። ከመንገዱ ማዶ ከሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ነበር። አዲስ ዘፈን የወጣ እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ነው። አንዷን ዘፈን፣ ሴትዮዋ መንገድ ዳር ቆማ የምትጠብቅባትን፣ ሸማ ስለካ አሁንም በአፌ ትመጣለች። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል የአዲስ ጥጥ ሽታ አለ። ሱቁ ፈርሶ፣ ሕንፃ ተሠርቶ፣ እኛም ሦስተኛ ፎቅ ወጥተን ያ ሽታ እንደ ድሮው አይሸተኝም። ሸማው ተለውጦ ይሁን አፍንጫዬ አላውቅም።

ከሱቄ በስተቀኝ ሐጂ ሙዘይን ነበሩ፤ አቡጀዲና ሻሽ ይሸጣሉ። አርብ አርብ ከአንዋር አዛን ሲሰማ ሱቃቸውን አይዘጉም። መጥረጊያቸውን ደጃፉ ላይ ጋደም አድርገው «ንጋቱ፣ ዓይንህን» ብለውኝ ይሄዳሉ። መጥረጊያውን ተራምዶ የገባ ሰው አላየሁም። ከሱቄ በስተግራ ተካልኝ ነው፤ የጋቢ ጅምላ ነጋዴ። ተካልኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ዛሬ አፈር ስለተጫነው አይደለም፤ ሚስቴ ስትወልድ ሱቄን ከፍቶ ሲሸጥልኝ የሰነበተ ሰው ነው። ነገር ግን አንዴ ያሰበውን ነገር ከጭንቅላቱ የሚያወጣለት ሰው አልተፈጠረም። እኔንም እንደዚያ ይሉኛል።

በኛ ጊዜ ተሸካሚ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ባለ ዕቃው ከኋላው የሚከተለው ነው። ሸክሙ እፊትህ እየሄደ፣ አንተ ዓይንህን ሸክሙ ላይ ተክለህ፣ እሱ ሲታጠፍ እየታጠፍክ ትከተላለህ። ከተሸካሚ ፊት የሚሄድ ነጋዴ ግን የለም። ለዕቃው ጀርባውን የሰጠ ሰው ዞር ሲል ዕቃውንም ተሸካሚውንም አያገኛቸውም። ሁለተኛው ተሸካሚ ብቻውን የሚሄደው ነው። እዚያ ለመድረስ ስንት ጊዜ ተከትለውት፣ ስንት ጊዜ በልጅ አስጠብቀውት፣ አንድ ቀን ነጋዴው ሥራ ይበዛበትና «እስቲ አንተው አድርስልኝ» ይላል። ያን ቀን ተሸካሚው ማዕረግ አገኘ ማለት ነው። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። «ወልዴ፣ የጅማ ናት» እለዋለሁ፣ «እሺ ጋሼ» ይለኛል፣ በቃ። አውቶቡስ ተራ ወስዶ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ለሚጭነው ረዳት ያቀብላል። ዕቃው ጅማ ይገባል።

ወልዴ ረጅም፣ አንገተ ቀጭን ሰው ነው። ያ አንገት ያን ሁሉ ሸክም እንዴት እንደሚችል ይገርመኝ ነበር። በጋ ከክረምት ካኪ ኮት ይለብሳል፤ ማጅራቱ ላይ ጆንያ አጥፎ ያደርጋል። ሌላ ጊዜ አይናገርም፤ ሸክም ሲይዝ ግን «መንገድ! መንገድ! ጀርባ!» ሲል ድምፁ ከሙዚቃ ቤቱ ይበልጣል። የሳህን ተራ ሴቶች «ደግሞ ይሄ ጥሩምባ መጣ» እያሉ ይስቁበት ነበር። ብቻውን ከሚሄዱት አንዱ እሱ ነው። ሚስቱ አገር ቤት ነበረች። ለበዓል ሊያመጣት አስቦ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ ግድግዳዋን በጋዜጣ ለጥፎ ጨርሶ ነበር። «ጋሼ፣ ስትመጣ ዓይነ ጥሩ ነጠላ ያወጡልኛል» ብሎኝ፣ አውጥቼ አስቀምጬለታለሁ።

የፋሲካ ሰሞን ነው። ያ ሰሞን ለኛ እንቅልፍ የለውም። ተካልኝ አንድ እስር ጋቢ ለነቀምት ደንበኛው እንዲልክለት ለወልዴ ሰጠው። ወልዴ ተሸክሞ ሄደ፤ ይህን ሁላችንም አይተናል። ከቀናት በኋላ ከነቀምት ሰው መጣና «ጋቢው ምነው ቀረ?» አለ። ወልዴ ተጠየቀ። «ለረዳቱ አቀብያለሁ፤ ጣሪያው ላይ በገመድ ሲያስረው አይቻለሁ» አለ። ረዳቱ ተጠየቀ። «ምንም አልተቀበልኩም» አለ። ነገሩ ይኸው ነው። መንገድ ላይ ወድቆ ይሁን፣ ረዳቱ ይሁን፣ ተቀባዩ ይሁን፣ ወልዴ ይሁን፣ እኔ አላውቅም። እስከ ዛሬም አላውቅም። ከወዲሁ የምነግራችሁ መጨረሻ ላይ «ሌባው እገሌ ሆኖ ተገኘ» እንድላችሁ እንዳትጠብቁ ነው። አልተገኘም።

ተካልኝ ግን አወቀ። «ብቻውን ነበር የሄደው» አለ። ብቻውን ማን እንደሰደደው ረሳው። ጩኸቱ እንዴት እንደሚነሳ መርካቶ የኖረ ያውቀዋል፤ አንድ ሰው «ሌባ!» ካለ፣ ምን እንደተሰረቀ ሳይጠይቅ የሚሮጠው ሰው ይበዛል። ሰርቆ የተያዘ ሰው የሰረቀውን ዕቃ ጭንቅላቱ ላይ አስረው፣ «እኔን ያየህ ተቀጣ» እያሰኙ በሰፈሩ ማዞር ያኔ ልማድ ነበር። ወልዴ ላይ ችግሩ የሚታሰርበት ዕቃ መጥፋቱ ነው። ጋቢው የለም። ጥቂት ተነጋገሩበት። ከዚያ ተካልኝ ከመደርደሪያው ሌላ ጋቢ አወረደና ጭንቅላቱ ላይ አሰሩበት።

በኔ ሱቅ ፊት አለፉ። ጭንቅላቱ ላይ ያ ነጭ ጋቢ ተቆልሎ፣ ከኋላው አንድ መንጋ ሰው። «በል!» ይሉታል። ዝም ይላል። ሙዚቃ ቤቱ ዘፈኑን ዘግቶ ወጥቶ ያያል። እኔ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጥቼ «ተዉት! ፖሊስ ይጠራና ይጠየቅ» ብዬ መሐል ገባሁ። ጌታሁን የሚባል የቀበቶ ነጋዴ፣ ወጠምሻ ነገር ነው፣ ደረቴን ገፋ አደረገኝና «ጋሼ ንጋቱ፣ ተካፋይ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። ከዚያ በዱላ ጉልበቱን መቱትና ወልዴ «እኔን ያየህ ተቀጣ» አለ። ያን ጥሩምባ ድምፁን አውቃለሁ። ያን ቀን የወጣው ግን የጉሮሮ ድምፅ አይመስልም። «ጮክ በል!» አሉት። ጮክ አለ። ፖሊስ መጥቶ ሲወስደው፣ እመኑኝ፣ ሰላም ያገኘ ይመስል ነበር።

ክረምቱን ታስሮ ከረመ። የሚዋሰው ሰው ጠፋ፤ እኔ ደግሞ የተበዳዩ ጎረቤት ነህ፣ ቤትም የለህም ተብዬ ዋስትናዬ አልበቃም። እሁድ እሁድ ዳቦ ይዤ እሄድ ነበር። ስለ ጋቢው አናወራም። «ቤቷን ሌላ ሰው ገባባት?» ብሎ ይጠይቀኛል። ገብቶባት ነበር፤ «አላውቅም» እለዋለሁ። የመከላከያ ምስክር ትሆናለህ ተብዬ ስጠራ ተካልኝ ሱቄ መጥቶ የሸማ ክምር ላይ ተቀመጠ።

«ንጋቱ፣ ለሌባ ልትመሰክር ነው?»

«ለወልዴ ነው የምመሰክረው።»

«ያው ነው።»

«ያው መሆኑን ዳኛው ይንገሩን።»

«ዳኛው ሸማ ተራን መች ያውቃል! እኛ አናውቅም?»

«ምኑን ነው የምናውቀው?»

«በአፉ ተናግሯል፤ አገር ሰምቷል!» ብሎ ተነስቶ ሄደ። ሲሄድ የተቀመጠበትን ሸማ አስተካክሎልኛል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ፍርድ ቤቱ እርጥብ ኮትና እርጥብ ጃንጥላ ይሸታል። ዳኛው አጭር፣ ጉንፋን የያዛቸው ሰው ናቸው፤ በየመሐሉ በመሐረብ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። ከሳሾቹ ምስክር ካደረጓቸው አንዱ ያ የቀበቶ ነጋዴ ጌታሁን ነው። ከረባት አስሮ መጥቶ ነበር።

«ተከሳሹ ራሱ አምኗል፣ ጌታዬ» አለ።

«ለማን አመነ?» አሉ ዳኛው።

«ለሁላችንም። በአደባባይ።»

«ምን ብሎ?»

«እኔን ያየህ ተቀጣ ብሎ።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እንዲህ በል ያለው ማን ነው?»

«እኛ ነና።»

«እሺ ባይልስ ኖሮ?»

ጌታሁን ዳኛው ያልገባቸው መስሎት ፈገግ አለ። «ብሏል እኮ ጌታዬ።»

«ጭንቅላቱ ላይ የነበረው የተሰረቀው ጋቢ ነው?»

«አይደለም፤ እሱ የጋሼ ተካልኝ ሌላ ጋቢ ነው። የተሰረቀው አልተገኘም።»

«እንግዲያ ያልተሰረቀ ጋቢ ጭናችሁበት ነው ሰረቅሁ ያሰኛችሁት።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ወልዴ አልሳቀም። እኔም ተጠራሁ። ምዬ ቆምኩ። ዐቃቤ ሕጉ «ተከሳሹ ዕቃውን ለረዳቱ ሲያስረክብ አይተሃል?» አለኝ። «አላየሁም» አልኩ። «ታዲያ ምን ልትመሰክር መጣህ?» «የኔን ሸክም ዓመት ከዓመት ተሸክሞልኛል። ክር አልጎደለብኝም።» «ይሄኛውን አልወሰደም ብለህ መናገር ትችላለህ?» ወልዴ ዓይኑን ተክሎብኛል። ያን ዓይን ዛሬም አያለሁ። «አልችልም። አላየሁማ። ወሰደ የሚለውም አላየም» አልኩና ወረድኩ።

ፍርዱ የተሰማው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ዳኛው አነበቡ፤ ሰረቀ የሚል ሰው መስረቁን ማስረዳት እንዳለበት፣ ከሳሽ እንዳላስረዳ፣ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበት ብለው ጨረሱ። ወልዴ ግን ከቆመበት አልንቀሳቀስ አለ። ፖሊሱ «ሂድ፣ ተለቀሃል» ይለዋል፤ እሱ ዳኛውን ያያል።

«ጌታዬ፣ አልሰረቀም ይበሉልኝ።»

«እኔ አውቶቡስ ተራ አልነበርኩም» አሉ ዳኛው፣ በቁጣ አይደለም። «ሕጉ እስኪረጋገጥብህ ድረስ ንጹሕ ነህ ይላል። አልተረጋገጠብህም። ስትመጣም ንጹሕ ነበርክ፣ ስትሄድም ንጹሕ ነህ።»

«ታዲያ ክረምቱን ለምን ታሰርኩ?»

ዳኛው አፍንጫቸውን ጠረጉ። ቀጥሎ ያለው መዝገብ ተጠራ።

ከውጭ ፀሐይ ነው። ሴትዮዎች የበቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። አንድ ገዝቼ ሰጠሁት፤ ይዞት ቀረ። «ጋሼ፣ አልወሰደም ቢሉልኝ ምን ነበር?» አለኝ። «አላየሁማ» አልኩት። «እኔ አልወሰድኩም ብዬ ነግሬዎት የለም?» «ነግረኸኛል። የነገርከኝን አየሁ ብዬ ልማል?» ጥቂት ከሄድን በኋላ «ዳኛው ያሉትን ሸማ ተራ ማን ይነግርልኛል?» አለኝ። «እኔ እነግራለሁ» አልኩት። ነገርኩም። ሱቅ ለሱቅ እየገባሁ ነገርኩ። ሰው እኔን ሰምቶ ሲያበቃ «ማስረጃ ጠፋ እንጂ» ይለኛል። አንዱ «ተነክቶላቸው ይሆናል» ይለኛል፤ ገንዘብ ሰጠ ማለቱ ነው። ክረምቱን በዳቦዬ የከረመ ሰው ለዳኛ ምን ሰጠ? ብል፣ «ያንን ጋቢ ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ወልዴ ካኪ ኮቱን አጥቦ፣ ጆንያውን አጥፎ፣ ድሮ የሚቆምባት ማዕዘን ላይ ቆመ። ጠዋት ይቆማል። ሌሎቹ ተሸካሚዎች ይጠራሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ። እሱ እዚያው ነው። ሐጂ ሙዘይንን «እርስዎ እንኳ ይስጡት እንጂ» አልኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ለወልዴ ምሳ ይልኩለት ነበር። መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ «አላህ ያውቃል፣ እኔ ሌባ አላልኩትም። ግን ንጋቱ፣ ዳኛው ነጻ ነህ አሉት እንጂ ሸክም ስጡት አላሉንም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ዳኛው ወልዴን ከእስር ቤት እንዳይኖር ነው ያደረጉት። በሸማ ተራ እንዲኖር የሚያደርገው እኛው ነበርን።

እኔ እልኸኛ ነኝ። የጅማ እስሬን አዘጋጀሁና በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ «ወልዴ! የጅማ ናት» አልኩት። መጣ። ሸክሙን አየው፣ አልነካውም።

«ከኋላዬ ይምጡ፣ ጋሼ።»

«መቼ ተከትዬህ አውቃለሁ?»

«አሁን ይምጡ።»

«እኔ አምኜሃለሁ እኮ፣ አንተ ሰው!»

«እርስዎማ ያምኑኛል። ነገ ረዳቱ አልተቀበልኩም ቢልስ? አላየሁም ሊሉ አይደል?»

ይህን ያለኝ ሊነካኝ ብሎ አይደለም፤ የሚፈራውን ነው የነገረኝ። ሱቁን ለሚስቴ ትቼ ተከተልኩት። አውቶቡስ ተራ ደርሰን ረዳቱ ሲቀበል «ጋሼ፣ አይተዋል?» አለኝ። «አይቻለሁ።» «ሲያስረውም ይዩ።» ቆሜ አየሁ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንዲሁ ሆነ። ዝናብም ቢሆን፣ ገበያም ቢሆን፣ ካልተከተልኩት አይሸከምም። «መንገድ! ጀርባ!» ማለቱንም ቀንሶ ነበር፤ ሰው ዞር ብሎ እንዳያየው ይመስለኛል።

ያኔ ያላሰብኩት ነገር መጣ። መርካቶ ዓይን አላት። ከወልዴ ኋላ ስሄድ ያየ ሁሉ የራሱን ተርጉሟል። ተካልኝ አንድ ቀን ስመለስ ጠብቆኝ «በዳኛ ፊት የቆምክለትን ሰው ትከተለዋለህ እንዴ? ድሮ እንኳ ብቻውን ትሰደው አልነበር?» አለኝ። «እሱ ነው ተከተለኝ ያለኝ» አልኩት። እንደ ሕፃን አየኝ። «ሌባ ተከተሉኝ ይላል? ንጋቱ፣ ለኔ ነው?» በዚያ ሳምንት ወሬው ሸማ ተራን ዞረ፤ ጠበቃ የሆነለት ንጋቱ እንኳ ዓይኑን ከሱ አይነቅልም ተባለ። እስከዚያ ቀን ትንሽ ያመነቱ የነበሩ ሁለት ነጋዴዎች ነበሩ፣ አንዱ ሊሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር። ሁለቱም ተዉት።

ለወልዴ ይህን ነገርኩት። ያኔ አስፋልቱ ገና አዲስ ነበር፤ ዳር ላይ ተቀምጠን ሻይ እንጠጣለን። «ብከተልህ ሌባ ነው ይላሉ» አልኩት። «ባይከተሉኝስ?» አለ። «ባልከተልህ አልሸከምም አልክ።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እንዴት ልሂድ ታዲያ፣ ጋሼ? እርስዎ ይንገሩኝ። እንዴት ብሄድ ነው ደህና ሰው የምመስለው?» እኔም አሰብኩና፣ ያው ግትር ጭንቅላቴ ነው፣ «እኔ ከፊትህ እሄዳለሁ» አልኩት። ሳቀ። ከእስር ከወጣ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ከፊት? ሰው አብደዋል ይልዎታል።» «ይበል። አብሬህ አለሁ፤ ረዳቱ ሲቀበልም አያለሁ። ግን ከሸማ ተራ እስከ አውቶቡስ ተራ አንገቴን አላዞርም። ሸማ ተራ ይየኝ።» «እውነት አይዞሩም?» «ብዞር እኔ ልታሰር!» አልኩት።

ማግስቱን ጠዋት ትልቁን እስር ሰጠሁት፤ ጋቢ፣ ቡሉኮ፣ ጥለታቸው ሐር የሆኑ ነጠላዎች። ያለኝን ነው የሰጠሁት ማለት እችላለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ጀመርኩ። ሐጂ ሙዘይን ከደጃፋቸው «ንጋቱ! ኧረ ንጋቱ!» ብለው ተጣሩ። እጄን አወናጭፌላቸው አለፍኩ። በሳህን ተራ በኩል ስናልፍ ሴቶቹ የሚያጥቡትን ሳህን ይዘው ቀሩ። አንዷ «ጋሼ፣ ዕቃዎ ከኋላ ቀርቷል እኮ!» አለችኝ። «አልቀረም፣ እየመጣ ነው» አልኳት። ከኋላዬ «መንገድ! መንገድ! ጀርባ!» ሲል ሰማሁ። እንደ ድሮው ነው፣ ያ ጥሩምባ። ደስ አለኝ። ልባችሁን አታሳብጡ የሚል ካለ ይምጣና ያን ቀን እኔን ይይ፤ ሜትሬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ እንደ ባላባት ነበር የምራመድ። ጫማ ተራ ጋ ስንደርስ ድምፁ ጠፋ። ጋሪ አለፈ፣ ታክሲ ጥሩምባውን ነፋ፣ የሱን ድምፅ ግን አጣሁት። አንገቴን አሳከከኝ። ማሳከክ ብቻ አይደለም፣ እንደ እሳት ለበለበኝ። ቃል ነውና አልዞርኩም። አውቶቡስ ተራ በሩ ጋ ስደርስ ብቻ ዞርኩ።

ወልዴ ከኋላዬ ነው። ሸክሙ ማጅራቱ ላይ አለ። ላቡ በዓይኑ እየገባ ዓይኑን ያርገበግባል።

«አንዴም አልዞሩም» አለኝ።

«አልዞርኩም አላልኩህም? አንተ ግን ምነው ዝም አልክ?»

«እኔ ነኝ የዞርኩት» አለና በአገጩ ወደ ኋላው አመለከተኝ።

ተካልኝ አለ። ጌታሁን አለ። የሐጂ ሙዘይን ወንድም አለ። ሌሎች ደግሞ አሉ፣ ስማቸውን የማላውቀው፣ ሱቃቸውን ትተው የመጡ። ከሸማ ተራ ጀምረው ከወልዴ ኋላ ተሰልፈው፣ እሱ ሲታጠፍ እየታጠፉ ተከትለውታል። ተካልኝ ላቡን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ መጣና ክንዴን ያዘኝ።

«ንጋቱ፣ ምን ነካህ? ለሀብትህ ሁሉ ጀርባህን ሰጥተህ ትሄዳለህ? ደግነቱ ሐጂ አይተውህ ጠሩን።»

«ዕቃዬ ደርሷል» አልኩት።

«ደርሷላ! እኛ ባንከተለው ይደርስ ነበር?»

ወልዴ ሰማ። ሸክሙን ለረዳቱ ወደ ላይ አቀበለ። ረዳቱ ሲያስረው ሁሉም ቀና ብለው አዩ። «አይተዋል፣ ጋሼ?» አለኝ። «አይቻለሁ።» «እናንተም አይታችኋል?» አላቸው። ጌታሁን «በደንብ!» አለው። ጆንያውን ከማጅራቱ ላይ አነሳ፣ አራገፈው፣ አጠፈው። የሠራበትን ሰጠሁት፣ ቆጥሮ ሳያይ ኪሱ ከተተው። «ነጠላዋን ይሽጧት» አለኝ። ከዚያ በገባንበት በር አልወጣም፤ በአውቶቡሶቹ መሐል አልፎ በወዲያኛው በር ሄደ። የሚከተለው አልነበረም፤ ምንም አልያዘማ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እኔ ከነተካልኝ ጋር ወደ ሸማ ተራ ተመለስኩ። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ሐጂ ሙዘይን ከደጃፋቸው ወርደው ጠበቁኝ፤ የሳህን ተራ ሴቶች ከኋላ ይጣራሉ፤ የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ወጥቷል። ተካልኝ ለሁሉም እጁን እያወራጨ ያወራል፤ እንዴት እንዳዩት፣ እንዴት እንደተከተሉት፣ እንዴት አንድ ክር ሳይጎድል እንዳስጣሉኝ። ሰው በየሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ አንድ በአንድ እጄን እየጨበጠ «እንኳን ተረፈልህ» አለኝ።